የአባ ኮዳ ኩስ

ሦስት ቀን ቆማ ከዋርካው ጥላ ሥር፣
ጥቁሯ ቪትዝ፣ ጣና ዳር፣ ባሕር ዳር፣
ጋሽ አይተንፍሱ በጀልባ ተሻግረው፣
ደልጊ ሰንብተው፣ ዓሣ ተደራድረው፣
ሲመለሱ ጊዜ፣
«ወይኔ መኪናዬ! ወይኔ ላቤ፣ ወዜ!»
ኮፈኗ ላይ ኖራ ተደፍቶባት፣
የሦስት ቀን ፀሐይ ጋግሮባት።
በጥፍር ጀመሩ፤ አልሆነም። በዓሣ ቢላ ጫፍ፤
ይብስ ጫረባቸው። በእልህ፣ በመንገፍገፍ፣
እያስጮሁ መጡ ወደ እኔ እጥበት ቤት፣
ካንድ በርሜል ውኃ፣ ካንድ ዣንጥላ በቀር ግድግዳ ወደሌለበት።

«ልንገርህ!» አሉ። (ስሜ ነው፤ እናቴ ያወጣችልኝ፣
ለማን ምን ልትነግር እንደሆነ እስካሁን ያልገባኝ።)
«ልንገርህ፣ አድነኝ! ይሄ አሞራ አቃጠለኝ፣
ሰው አጥቶ፣ አገር ጠቦት፣ ገንዘቤ ላይ ኩሱን ጣለብኝ!»

ደረቁን አይፋቁት፣ ጋሼ። ደረቅ ነገር
በደረቅ ከነኩት ከነቆዳው ነው የሚነሣ፣ ከነሥር።
ኩስ ውስጥ አሸዋ አለ፣ የዓሣ አጥንት ስባሪ፣
የቀንድ አውጣ ቅርፊት፣ የማይታይ ጫሪ።
የእርግብ ቢሆን በቀለለ፤ እሷ ጥሬ ነው የምትለቅም፤
የአባ ኮዳ ግን ሐሞት አለው፤ እንዲህ በዋዛ አይለቅም።

ለብ ባለ ውኃ ጨርቅ ነክሬ አለበስኳት፣
ትኩሳት እንደያዛት ሕፃን ግንባሯን ሸፈንኳት።
«በል እንጂ!» ይሉኛል። «ይጠብቁ» እላለሁ።
መጠበቅ ሙያ ነው፤ ግማሽ ሒሳቤን ዝም በማለት አገኘዋለሁ።

ጨርቁን ገለጥ ሳደርግ ኖራው ተነሥቷል፣
ከሥሩ ያለው ግን፣ እሱ መች ለቋል?
ደብዝዞ፣ ሟሽሾ፣ እንደተላጠ ከንፈር።
ክሊሩን በልቶታል። ክሊር ማለት፣ ጋሼ፣
ከሽንኩርት ልባስ የሳሳ ነው፤ ዛሬ ባወጣው አለስልሼ፣
አንዴ ይችላል፣ ሁለቴ ይችላል፤ ሦስተኛ
ስንመጣ ግን የምፍቀው ቀለሙን ነው፤ ያኔ አንታረቅም እኛ።

ሁለት ሺህ ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት
ሳሙና ውኃ ውስጥ ቀድሜ ዘፈዘፍኩት።
በአንድ ጣት አይደለም፤ በመዳፍ፣ ወደ አንድ ጎኑ፤
ኮፈኑ ጭጋግ ለበሰ፤ ጋሽ አይተንፍሱ እንደ ስማቸው ሆኑ።
ከዚያ ኮምፓውንድ፣ በለስላሳ ጥጥ፣ ክብ በክብ፣ ክብ በክብ፣
ክርኔ እስኪሰንፍ፣ ላቤ እስኪል ጠብ።
ጥቁረቷ መጣ። ቅርንጫፉ ታየበት፣ ደመናው ታየበት፣
አባ ኮዳው ራሱ፣ ያ መላጣ፣ ቁልቁል ሲያየን ታየበት።
በመጨረሻ ሰም ቀባሁ። ጎጃም ነውና ሰም ሲባል
«ወርቁስ?» ይለኛል ደንበኛው፤ «ወርቁማ ኪስዎ ነው» እላለሁ፤ ይሳቃል።

ጋሽ አይተንፍሱም ሳቁ፤ ከፈሉ። ደስታቸው ቢበዛ
ከሳጥናቸው መዘው አንድ ቆሮሶ፣ አንድ ደህና አምባዛ፣
እዚያው ዳርቻው ላይ፣ በዚያችው ቢላ
ሆዱን ሰነጠቁ፤ አንጀቱን፣ ሐሞቱን፣ ወረወሩት ወደ ዋርካው ጥላ።
እንደ ሁልጊዜው።

አባ ኮዳው ወረደ፣ ኮቱን እንደደረበ፣ ቀስ ብሎ።
ዋጠ። ተነሣ። ከቅርንጫፉ ላይ ተሰቅሎ
ኮዳውን ነቀነቀ።

አየሁ፤ ሐሞቱ እንደ ወረደ፣ ሐሞቱ እንደ ወጣ።
የሚነገር ነገር ጉሮሮዬ ድረስ መጣ፦
ጋሼ፣ አሞራው ከሰማይ ያመጣው የለም፤
የወረወሩትን ነው የሚመልስ እንጂ ቀለምዎን አይጠላም።

ስሜ ልንገርህ ነው።
የቤት ኪራይ አለብኝ፤ ለልጄም ደብተር አልገዛሁ ገና፤
«ሌላ ጊዜ ሳይደርቅ ይምጡ» አልኩ፣ «እርጥቡ ይሻላልና።»
ከላይ አባ ኮዳው ምንቃሩን ገጭ አደረገ፣
አንዴ ብቻ፣
ሒሳብ እንደዘጋ ሸሪክ።